በሁለተኛው ዙር እሑድ የቆለፍኩት በር

ጩኸቱን ስሰማ የሽንት ቤት ሶፍት ታቅፌ ኮሪደሩ መሀል ላይ ነበርኩ። የአንድ ሰው ጩኸት አይደለም፤ የሕዝብ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ሆነ፤ ከዚያ ፉጨት ተጨመረበት፤ ከዚያ ድስት በማንኪያ ሲቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሶፍቱ ከእጄ ወድቆ ኮሪደሩን እየተተረተረ ሄደ። ቀኑ እሑድ ነው። ከተማው የአሜሪካው አሌክሳንድሪያ፣ ወሩ ጁን፣ ውጭው ፀሐይ። ነገር ግን የምርጫ ቀን ነበር። ምርጫና የሕዝብ ጩኸት አብረው ሲመጡ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሜሮን ደግሞ እዚያው ሕንጻ ውስጥ፣ የጽዳት ዕቃ የምናስቀምጥበት ክፍል፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትስላለች።

«ልጄን!» አልኩ። ለማንም አይደለም፤ ለግድግዳው ነው።

ወሬ የሚችል ሰው ከዚህ ይቀጥል ነበር። እኔ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ አለዚያ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ አይገባችሁም፣ ትስቁብኛላችሁም። ብትስቁም ግዴለም፤ የሥራ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይስቃሉ። ጉልበቴ መሰላል አልወጣም ብሎ ሥራ ያቆምኩ ዕለት በኬክና በፊኛ ሲሸኙኝ እንኳ «ዚ፣ የበሩን ታሪክ ንገሪን» ነው ያሉኝ። ዘነበች ማለት ስለሚከብዳቸው ዚ ይሉኛል። እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ፊደሉን ግን አልረሳሁትም፤ እንግዲህ ቤት ከዋልኩ ልጻፈው።

እዚህ አገር ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ሜሮን ገና እጇን ይዤ የማስኬዳት ሕፃን ነበረች። የመጀመሪያ ሥራዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የቢሮ ሕንጻ ውስጥ ቆሻሻ መሰብሰብ ነው። አለቃችን የኛው አገር ሰው፣ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ አገር ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩ ናቸው። እንደ ተማሪ ያሰልፉን ነበር። «ወይዘሮ ዘነበች፣ እዚያ ጥግ ያለው አቧራ ዘመድዎ ነው እንዴ? ሁልጊዜ ያዝኑለታል» ይሉኛል። እፈራቸው ነበር፤ ግን ጥግን ማየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መሀሉን ማንም ይጠርጋል።

ቀጥሎ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል፣ ምድር ቤት ካለው ልብስ ማጠቢያ ገባሁ። እዚያ ሊንዳ የምትባል የፊሊፒንስ ሴት አለቃ ነበረችን። ፎጣ የምትመረምረው በአፍንጫዋ ነው። አንዱን አሽትታ «ይሄ ተቸኩሏል» ካለች ተመልሶ ይታጠባል። ላስቲክ ያለውን አንሶላ ለብቻ ማጠፍ የቻልኩ ቀን ሕንጻውን ሙሉ አሳየሁት። የላስቲክ አንሶላ አጥፋችሁ የማታውቁ አትፍረዱብኝ።

ከዚያ ነው ትምህርት ቤቱ የተገኘው። ደመወዙ ከሆቴሉ ትንሽ ይሻላል፣ ኢንሹራንስ አለው፤ በቃ። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ እመላለሳለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የምወደውን ሰው ያገኘሁትም እዚያ ነው።

ዶን ኢላሪዮ ይባላሉ። የፔሩ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ፀጉራቸው እንደ ብሩሽ የቆመ። ዶን ማለት በእነሱ ቋንቋ እንደ እኛ ጋሽ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝና «ጋሽ ኢላሪዮ» አልኳቸው፤ እሳቸውም ወደዱት። እንግሊዝኛቸው እንደኔ ስብርባሪ ስለሆነ በደንብ ተግባባን። አንዱ የጣለውን ሌላው እያነሣ ወሬው ይሞላል። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ በልቤ ግን አንቱ እላቸው ነበር።

የሰውየው ሥራ ወለል ነው። የጂሙን፣ የስፖርት አዳራሹን፣ የእንጨት ወለል ከመጀመራቸው በፊት ጫማቸውን ያወልቁና በካልሲ ዳር እስከ ዳር ይሄዱበታል። «ዓይን ይዋሻል» ይሉኛል፣ «እግር አይዋሽም።» አንዲት የአሸዋ ፍሬ ካገኙ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ያነሷትና እንደ ቅመም እያሹ ይመለከቷታል። ከዚያ ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አጋድመው በመስኮቱ ብርሃን በኩል ያያሉ። ከላይ የጠራ የሚመስለው ወለል ከታች ሲያዩት የጫማ ጭረት ብቻ ነው። እኔንም አጋደሙኝ። ሁለታችን ጂም መሀል ጉንጫችንን ወለል ላይ አስደግፈን ሳለ የስፖርት መምህሩ ገብቶ አምቡላንስ ሊጠራ ነበር።

ሰም ሲቀቡ ስስ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል። ይደርቃል፣ ሌላ ስስ። «ወፍራም የሚቀባ ቶሎ ቤቱ መሄድ የፈለገ ነው» ይላሉ። ሞፑን ወደ ፊት አይገፉም፤ ግራ ቀኝ እያዞሩ፣ ራሳቸው ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ሁልጊዜ ወደ በሩ። ያጸዱትን ላይረግጡ፣ መውጫቸውንም ላያጡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ሥራ እንደገቡ፣ ጃኬታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ በሮቹን ይዞራሉ። የጂሙ ትልቅ በር ባለሁለት ክንፍ ነው፤ በውስጥ በኩል አግድም ብረት አለው፣ ስትገፉት ወደ ውጭ ይከፈታል። እሳቸው በእጅ አይገፉትም፤ በዳሌያቸው ነው ገጨት የሚያደርጉት፤ ልክ እንደ ጭፈራ። ከፈት ሲል «ብራቮ» ይሉትና ወደሚቀጥለው።

«ጋሽ ኢላሪዮ፣ በር ትላንት ተከፍቶ ዛሬ እምቢ ይላል እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ሳቁ። ቀጥለው ግን ነገሩኝ። በልጅነታቸው በትውልድ ከተማቸው ሲኒማ ቤት ነበር። ቲኬት ያልቆረጠ እንዳይገባ ብሎ ባለቤቱ በሩን ከውጭ ይቆልፈዋል። አንድ ቀን የሆነ ሰው «እሳት!» አለ። እሳት አልነበረም። ሕዝቡ ግን በሩ ላይ ተከመረ። ታላቅ ወንድማቸው እግሩን ተረግጦ ዕድሜውን ሙሉ አነከሰ። «ሰውን የጎዳው እሳት አይደለም ዘነበች» አሉኝ። «በሩ ነው።»

ሰማኋቸው፤ አዘንኩም። ወደ ልቤ ግን አልገባም፤ ምክንያቱም እኔን የበር ነገር ያስተማረችኝ እናቴ ናት። የእናቴ ትምህርት ደግሞ ተቃራኒው ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲጯጯህ፣ የውጭ በር ይዘጋል፣ መቀርቀሪያው ይገባል፣ በርሜል ይደገፋል፣ ልጆች አልጋ ሥር። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጊዜ እኔም ሜሮንን ደረቴ ሥር አድርጌ ወለል ላይ ተኝቻለሁ። ደጃፋችን ላይ ሩጫ አለፈ፣ ጩኸት አለፈ፣ ሌላም ድምፅ አለፈ። በራችን ዝግ ስለነበር ተረፍን። እንደዚያ ነው የያዝኩት፤ የተዘጋ በር እናት ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። የፔሩ ሰዎች የሚኖሩት ባሕር ማዶም ቢሆን ፕሬዚዳንታቸውን ይመርጣሉ፤ ለዚያ ኤፕሪል ላይ አንድ እሑድ የኛን ጂም ተከራዩ። ጋሽ ኢላሪዮና እኔ ኦቨርታይም ተመደብን። እኔ ቅዳሴ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ብቻ ሳይሆን ምርጫ የሚለው ቃል ራሱ ስለሚያስፈራኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የመጀመሪያው ዙር ግን ሠርግ ሆነ! ከፎልስ ቸርች፣ ከፌርፋክስ፣ ከአናንዴል፣ ሕፃን በጋሪ፣ አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር፣ ሁሉም ለብሶ አጊጦ መጣ። የማይመርጥ ይቀጣል አሉኝ፤ ለዚያ ነው ማንም የማይቀረው። አንድ ሌላ ሕግ ደግሞ አላቸው፤ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚያስመርጡት ራሳቸው መራጮች ናቸው፤ በዕጣ ይወጣላቸዋል። ዕጣ የወጣለት ሰው ካልመጣ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ያለው ይያዛል። ይያዛል ስል እውነቴን ነው፤ «ና ተቀመጥ» ይሉታል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስመርጥ ይውላል። ስለዚህ በር ሲከፈት ሰው ሁሉ «እርስዎ ይቅደሙ፣ አይ እርስዎ» እየተባባለ ወደ ኋላ ይሸሻል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰልፍ አይቼ አላውቅም።

የጋሽ ኢላሪዮ ሚስት፣ ዶኛ ሮሳ፣ የምትቸኩል ሴት ናት። መጀመሪያ ደረሰች፤ ተያዘች። ጋሽ ኢላሪዮ ሳቃቸውን በባልዲ ውስጥ ደበቁት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹አትቸኩዪ› ስላት አልሰማችኝም» አሉኝ። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና በጣቷ ዛተችባቸው፤ ጣቷ በምርጫው ቀለም ወይን ጠጅ ሆኖ።

ተወዳዳሪው ብዙ ነበር። ሁሉም የየራሱን መረጠ፤ ማንም ግማሹን አላለፈም። ሰኞ ጋሽ ኢላሪዮ ፊታቸው ወድቆ መጡ። የሳቸው ሰው መጨረሻ አካባቢ ነው የወጣው።

«ታዲያ ማን ነገሠ?» አልኳቸው።

«ማንም። ሁለቱ ቀሩ። ጁን ላይ ተመልሰን ከሁለቱ አንዱን እንመርጣለን።»

«እንደገና? ሕዝቡ ሁሉ?»

«ሕዝቡ ሁሉ።»

«እስከዚያስ አገሩ ምን ይሆናል?»

«እስከዚያማ» አሉ ሞፑን እየጨመቁ፣ «ቤታችን ውስጥ እንጣላለን።»

እውነታቸውን ነው። ብዙ ሳሉ ሰው ተበታትኖ ነበር፤ ሁለት ሲቀሩ አገር ሁለት ሆነ። ጋሽ ኢላሪዮ ከሁለቱ አንዱንም አይወዱም፤ ሆኖም አንደኛውን ያዙ። ዶኛ ሮሳ ሌላውን። የምሳ ዕቃቸው መቅለል ጀመረ፤ በፊት ዶሮና ሩዝ የነበረው ቀዝቃዛ ድንች ሆነ። «ፖለቲካ ነው» ይሉኛል ድንቹን እያሳዩኝ። በመጨረሻ ተወራረዱ፤ የተሸነፈው ወገን የቤቱን ወለል ዓመት ሙሉ ይወለውላል። ትምህርት ቤት ሙሉ የሚወለውሉት ሰውዬ ለካ ቤታቸው ሞፕ ነክተው አያውቁም!

የሁለተኛው ዙር ዋዜማ ሜሮንን የሚጠብቁልኝ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ኮል አደረጉኝ። ጥርሳቸው አብጦ አፋቸው አይከፈትም። «ዘነቡዬ፣ አልቻልኩም» የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። አባቷ ዴንቨር ነው፤ ከዴንቨር ልጅ አይጠበቅም። ልጅ ይዞ ሥራ መግባት ክልክል መሆኑን እያወቅሁ ይዣት ሄድኩ። የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ባልዲ ደፍቼ አስቀመጥኳት። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አልኳት። «ኦኬ ማሚ» አለች፤ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ። የልጅ ኦኬ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ እዚያ ደረስን። ሶፍቱ ይተረተራል፣ ውጭ ይጮኻል።

በኮሪደሩ መስኮት አየሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ሁለት አውቶቡስ ሰው ወርዷል። በአንድ ወገን አንድ ቀለም ባንዲራ፣ በሌላው ወገን ሌላ። ፊት ለፊት ቆመው ይጯጯሃሉ። ከበሮ አለ፣ ድስት አለ፣ ፊቱን የተቀባ ጎረምሳ አለ። ከበሮዋ አንድ ጊዜ ዷ ስትል እኔ አሌክሳንድሪያ አልነበርኩም። እግሬ ያለ እኔ ሄደ። የቆሻሻ መጣያው ግቢ የሚቆለፍበት ሰንሰለትና ጓጉንቸር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አንስቼ ወደ ጂም ሮጥኩ።

ጂሙ በሰው ሞልቷል። ትልቁን በር ሁለቱንም ክንፍ ሳብኩ፤ ሰንሰለቱን በሁለቱ ብረቶች መሀል አዟዟርኩ፤ ጓጉንቸሩን ቀጭ! ማንም አልጠየቀኝም። ዩኒፎርም የለበሰች የጽዳት ሠራተኛ ሰንሰለት ብታስር ማን «ለምን» ይላል? ሥራዋ ነው ይላሉ። ጋሽ ኢላሪዮ የት ነበሩ? እዚያው ጂም ውስጥ፣ ከካርቶን በተሠራችው መምረጫ ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው ከማይወዷቸው ሁለት ሰዎች አንዱን እየመረጡ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሩ ተዘጋ። አሁን ልጄን ደረቴ ሥር አድርጌ ወለል ላይ እተኛለሁ። ወደ ዕቃ ክፍሉ ሮጥኩ።

ባልዲው አለ። እርሳሱ አለ። ሜሮን የለችም።

ከዕቃ ክፍሉ ወደ ውጭ የምታስወጣው የኋላ ትንሽ በር ገርበብ ብላለች። ከበሮ የሰማች ልጅ ባልዲ ላይ ትቀመጣለች እንዴ? ወጥታለች። ወደ መኪና ማቆሚያው ወጥታለች። እኔ ደግሞ ዞሬ የቆለፍኩት እሷ ላይ ነው።

ምን እንደተሰማኝ ልጽፍ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ ይለፈኝ። እኔም በዚያችው በር ልውጣ አላልኩም፤ ራሴ ልክ አልነበረም። ተመልሼ ወደ ጂም ሮጥኩ፤ በትልቁ በር በኩል ካለችው ትንሽ መስታወት ላያት ነው።

ጂሙ ሌላ ጂም ሆኗል። ውጭ የበሬ ልብ በእንጨት ሰክተው የሚጠብሱ ሰዎች ነበሩ፤ ነፋስ ጭሱን በአየር ማስገቢያው አመጣውና አንድ ሰው በቋንቋቸው «ጭስ!» አለ። ሰዎች ለመውጣት ወደ ትልቁ በር ሄዱ። ገፉ፤ አይከፈትም። ከኋላ ያሉት አለመከፈቱን ስለማያውቁ እነሱም ገፉ። በኔ ኮሪደር በኩል መውጫ አለ፤ ግን ማን ያውቃል? ሰው የሚወጣው በገባበት ነው። አንዲት አሮጊት በሩ ብረት ላይ ተጣብቀው መሀረባቸው ወልቋል። ከመስታወቱ ወዲያ ደግሞ፣ ሰው ትከሻ መሀል፣ የሜሮን ቢጫ ሪባን ታየኝ። በዚያ በኩል ሆና በመዳፏ መስታወቱን ትመታለች።

ቁልፉ ከነዘለላው በእጄ ነው። በሩ ጋ ግን መድረስ አልችልም። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ። ማን ይስማኝ!

ያኔ ጋሽ ኢላሪዮ ከካርቶኗ አንገታቸውን አወጡ። ወደ በሩ አልሮጡም። ወደ ግድግዳው ሄዱና ቢጫዋን ምልክት አነሡ፤ ወለል እርጥብ ሲሆን የምናቆማትን፣ የሚንሸራተት ሰው የተሳለባትን። ወንበር ላይ ወጡ። ምልክቷን ከራሳቸው በላይ አንሥተው፣ ከዚያ ደረት የማይጠበቅ ድምፅ አወጡ።

«ፒሶ ሞሃዶ!»

ወለሉ እርጥብ ነው ማለት ነው። ወለሉ ደረቅ ነበር። ሕዝቡ ግን ቀጥ አለ። ይሄን ስል አላጋነንኩም፤ ጫማው ወለሉ ላይ ተሰፋ። እዚያ ጂም ውስጥ ከነበረው ሰው ግማሹ እንደኛ ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ የባንክ፣ የሆስፒታል፣ የሆቴል። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ቃል ሲናገር የኖረ ሰው ነው። እሳት ሲሉት ይሮጣል፤ ፒሶ ሞሃዶ ሲሉት ግን እግሩ ራሱ ይታዘዛል። ያጸዳውን አይረግጥማ! አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ተረከዟን አንሥታ በጣቷ ቆመች።

ጸጥታው ውስጥ ጋሽ ኢላሪዮ በእርጋታ በቋንቋቸው ተናገሩ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ቀስ ብላችሁ፣ አሉ። ሰው እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ተመለሰ። ጋሽ ኢላሪዮ ሰንሰለቱን አዩት። እኔን አዩኝ። አልተቆጡም።

«ዘነበች» አሉኝ፣ «ቁልፉ ቀይ ክር ያለው ነው።»

ቁልፎቹ ላይ የተለያየ ቀለም ክር የሚያስሩት እሳቸው ናቸው፤ ለምን ይደክማሉ ብዬ አሾፍባቸው ነበር። በዚያች ሰዓት የቁልፍ ቁጥር ባነብ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው እቆም ነበር። ቀይ ክር፣ ጓጉንቸር፣ ሰንሰለቱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። በሩን በዳሌዬ ገጨሁት።

ሜሮን በሩ ሥር ቆማለች። በአንድ እጇ የተጠበሰ የበሬ ልብ፣ ጉንጯ ላይ በሁለቱም ወገን ባንዲራ ተቀብታለች፤ በቀኝ አንዱ፣ በግራ ሌላው። አፏ በሥጋ ተሞልቶ፣ ዓይኗ በእንባ።

«ማሚ፣ ዋይ ዲድ ዩ ሎክ ሚ አውት?»

ለምን ቆለፍሽብኝ ነው የምትለኝ። አቀፍኳት። ሥጋውን ዩኒፎርሜ ላይ ሰካችው።

መሀረባቸው የወለቀው አሮጊት ምንም አልሆኑም። መሀረባቸውን አስረው ከጨረሱ በኋላ ጣታቸውን ቀስረው ረጅም ነገር ተናገሩኝ። «ምን አሉኝ?» አልኳቸው ጋሽ ኢላሪዮን።

«ልጅሽ ከስታለች፣ ሌላም ሥጋ ይሰጣት ነው የሚሉት» አሉኝ። ዋሽተው ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ውጭ የነበሩት ሁለቱ ወገኖችም ሲጯጯሁ የነበረው ለካ ዘፈን እየተቀባበሉ ነው፤ ከበሮው የጋራቸው ነው።

ሰኞ ሱፐርቫይዘራችን ሚስተር ብራያን ቢሮው ጠራኝ። ቀጭን፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። ሰው የሞላበት ክፍል በር በሰንሰለት ማሰር ከሥራ ያስወጣል፤ ልጅ ማምጣትም ለብቻው ጥፋት ነው። ጋሽ ኢላሪዮ ሳይጠሩ አብረውኝ ገብተው ቆሙ፤ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው።

«ለምን ቆለፍሽው?» አለኝ።

ባለችኝ እንግሊዝኛ ነገርኩት። እኛ አገር ሕዝብ ሲጮህ በር እንዘጋለን፤ ልጆች ወለል ላይ እናስተኛለን፤ ከዘጋን እንተርፋለን፤ አልኩት። ከዚያ ወደ ጋሽ ኢላሪዮ ዞረ፤ እሳቸው ደግሞ «በሩን እኔ አስተምራታለሁ» አሉ። ያቺን ብቻ። ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ቤቴ ዋልኩ፣ ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ ገባ፣ ሥራዬ ግን ተረፈች። ስመለስ ሚስተር ብራያን አዲስ ሥራ ሰጠኝ፤ ጂሙ በተከራየ ቁጥር የበሮቹ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ የቀልድ መስሎኝ ነበር።

ምርጫውን ያሸነፈው የዶኛ ሮሳ ሰው ነው፤ በፀጉር ስንጥቅ። ጋሽ ኢላሪዮ ቤታቸውን በካልሲ ዞረው፣ ጉንጫቸውን የወጥ ቤት ወለል ላይ አጋድመው፣ ስስ ስስ አድርገው ወለወሉ። ዶኛ ሮሳ ከላይ ቆማ «እዚያ ጥግ» ትላቸዋለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ድንቹም ወደ ዶሮ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ የበር ዘመን ነው ማለት እችላለሁ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ ቅርጫት ኳስ፤ ሰው ከመግባቱ በፊት በየበሩ ዳሌዬን እገጫለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ሞፕ አይደለም፤ በር ነው። ወጣቶቹ «ዚ እየጨፈረች ነው» ይላሉ፤ ይበሉ። ጉልበቴ የተጎዳው በዚህ ነው የሚሉኝም አሉ፤ ውሸት ነው፣ በመሰላል ነው።

የፔሩ ሰዎች እንደገና ሊመርጡ ሲመጡ ሜሮን አሥራ አራት ሞልቷታል፤ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ትማራለች። «ከሁሉ ቋንቋ ይሄን ለምን መረጥሽ?» ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ደግሞ ብዙ ተወዳደሩ፤ ደግሞ ማንም ግማሹን አላለፈም፤ ደግሞ ሁለት ቀሩ። ሁለተኛው ዙር እሑድ ሜሮንን ይዣት ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ በፈቃድ፣ ለአሮጊቶች ጠረጴዛቸውን ልታሳይ። ጋሽ ኢላሪዮ ጡረታ ወጥተዋል፤ ሊመርጡ ግን ማልደው መጡ። ጃኬታቸውን ሳያወልቁ በሮቹን በዳሌያቸው ዞሩ። «እኔ ፈትሼዋለሁ ጋሽ ኢላሪዮ» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ፤ ቀጠሉ። ማልደው በመምጣታቸው ሰልፉ ፊት የተገኙት እሳቸው ሆኑና ተያዙ፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ዶኛ ሮሳ ከሰዓት በኋላ ዘንጣ መጥታ ፊታቸው ቆማ ስትስቅ ጂሙ አስተጋባ።

ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ያው ጩኸት፤ ፉጨት፣ ድስት፣ ከበሮ። አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለች። እጄም ሳላዘው ኪሴ ገብቶ ቀይ ክር ያለውን ቁልፍ ጨበጠ። እጄን ባዶውን አወጣሁት። ትልቁን በር ሁለቱንም ክንፍ እስከ መጨረሻው ገፋሁና ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ አስገባሁበት። ጩኸቱ በፀሐይ ታጅቦ ገባ። ሜሮን ከውስጥ ሮጣ አጠገቤ ቆመች፤ ክንዴን ያዘች።

ማምሻውን ድልድዩን እየተሻገርን እትዬ ብርቄ ኮል አደረጉኝ። ሜሮን ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ።

«ዘነቡዬ፣ ምርጫ ነው ያልሽው ዛሬ አይደል? ሰው ተጯጯኸ? ደህና ናችሁ?»

«ተጯጯኹ እንጂ እትዬ፣ በደንብ ተጯጯኹ» አልኳቸው። «ደህና ነን። ልጄም ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ።»